ያለ መሣሪያ የዘፈነው ጆ ሂኒ

ዘፈን ያለ መሣሪያ ጎደሎ ነው ብለን የምናስብ ተማሪዎች ብዙዎች ነን። የአየርላንዱ ጆ ሂኒ ግን በገናም ሆነ ቫዮሊን ሳያጅበው ዕድሜውን ሙሉ በድምፁ ብቻ ዘፍኗል።

ጆ ሂኒ በ1919 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በምዕራብ አየርላንድ፥ ካርና በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተወለደ። የመንደሩ ሰው የሚነጋገረው በእንግሊዝኛ ሳይሆን በጥንቱ በአይሪሽ ቋንቋ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩት ዘፈኖቹም በጽሑፍ ሳይሆን ከቤተ ሰቡና ከጎረቤት በቃል የተማራቸው ናቸው። የአዘፋፈኑ ስልት «ሻን ኖስ»፥ ማለት የጥንቱ ወግ፥ ይባላል፤ ዘፋኙ ብቻውን ሆኖ ዜማውን እያጣጠፈ ታሪኩን ይናገራል፤ አንዱን ስንኝ እንደ ሌላው አድርጎ አይደግመውም።

በ1942 ዓ.ም. በደብሊን ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። ዳሩ ግን ሽልማት እንጀራ አይሆንምና ወደ ስኮትላንድና ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በግንባታ ሥራ በጉልበቱ ኖረ። በ1960ዎቹም አሜሪካ ገብቶ በኒውዮርክ ከተማ በአንድ መኖሪያ ሕንፃ በር ጠባቂ ሆነ። በር ሲከፍትላቸው ከነበሩት መካከል ማን እንደ ሆነ ያወቁ ስንቶች ይሆኑ? እኛ ይህን ስናነብ አዘንን።

በ1982 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የባህል ቅርስ ሽልማት ሰጠው፤ በሲያትልም በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዘፈኑን አስተማረ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ሞተ። አስከሬኑ ካርና ተቀበረ፤ ድምፁን የያዙት ቴፖች ግን ባስተማረበት ዩኒቨርሲቲ ቀርተዋል።