ሁነታዊ አርትዖት

ሁነታዊ አርትዖት አንድ የቁልፍ ሰሌዳ ቁልፍ የማረሚያው ፕሮግራም እንዳለበት ሁነታ የተለያየ ሥራ የሚሠራበት የጽሑፍ አስተራረም ዘዴ ነው። በእንግሊዝኛ ሞዳል ኤዲቲንግ ይባላል። ፕሮግራመሮች እርስ በርስ ሲነጋገሩ «ሞድ» ማለት ይቀናቸዋል፤ «ሁነታ» ግን በእጅ ስልክ ላይ «የአውሮፕላን ሁነታ» እየተባለ የተለመደ በመሆኑ ለማንኛውም አንባቢ ይቀርባል።

ዘዴው የታወቀው በሁለት የተርሚናል ማረሚያዎች፣ በቪአይና በተከታዩ በቪም ነው። ቪአይን እ.ኤ.አ. በ1976 በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጻፈው ቢል ጆይ ነው። የሠራበት ኤዲኤም-3ኤ ተርሚናል ማውዝ አልነበረውም፤ የአቅጣጫ ቀስቶቹም የታተሙት ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል በተባሉት ቁልፎች ላይ ነበር። ሞደሙ በሴኮንድ 300 ቢት ብቻ ስለሚያስተላልፍ ትእዛዞቹ አጭር መሆን ነበረባቸው። ይህ ቁጠባ ዛሬም ዋጋ አለው። ጂንካ ላይ ሆኖ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ኤስኤስኤች በተባለው የርቀት መገናኛ ለሚከፍት ተማሪ፣ መስመሩ በደከመ ሰዓት በጥቂት ቁልፎች ብዙ የሚሠራ ማረሚያ ትልቅ እፎይታ ነው። ቪምን ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 አወጣው። ፕሮግራሙ ነጻ ሲሆን፣ ሲከፈት ተጠቃሚው በኡጋንዳ የሚገኙ ችግረኛ ሕፃናትን እንዲረዳ ይጠይቃል።

ቪም ሲከፈት ጽሑፍ አይቀበልም፤ በትእዛዝ ሁነታ ላይ ነው። አይ የሚለው ቁልፍ ወደ መጻፊያ ሁነታ ያስገባል፣ ኢስኬፕ ደግሞ ወደ ትእዛዝ ይመልሳል። ቪ ሲጫኑ የመምረጫ ሁነታ ይመጣል። ፍጥነቱ ግን የሚገኘው ሁነታዎቹን ከማወቅ ሳይሆን በትእዛዝ ሁነታ ውስጥ ካለው ሰዋስው ነው። ዲ «ሰርዝ» ማለት ነው፤ ምኑን እንደሚሰርዝ እስኪነገረው ይጠብቃል። ደብሊው ቢከተለው እስከሚቀጥለው ቃል ያለውን፣ ራሱ ዲ ቢደገም መስመሩን በሙሉ ያጠፋል። ሲ «ለውጥ» ስለሆነ ከነዚያው ተከታዮች ጋር ይጣመራል። ስለዚህ አንድ አዲስ ግስ የተማረ ሰው ቀድሞ በሚያውቃቸው ተከታዮች ሁሉ ይጠቀምበታል። ነጥብ የተባለው ቁልፍ ደግሞ የመጨረሻውን ለውጥ ይደግማል።

የደቡብ ኦሞ የገበያ ቀኖች በአንድ ፋይል፣ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር፣ ተጽፈዋል እንበል፤ አልዱባ ማክሰኞ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ጂንካ ቅዳሜ፣ ቱርሚ ሰኞ። በሳምንቱ ቀኖች ቅደም ተከተል ለማስቀመጥ መጨረሻ ያለው ቱርሚ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ጠቋሚውን በመስመሩ ላይ አድርጎ ዲን ሁለቴ፣ ጂን ሁለቴ፣ ከዚያ ትልቁን ፒ መጫን ይበቃል። የመጀመሪያው መስመሩን ያነሣል፣ ሁለተኛው ወደ ፋይሉ ራስ ይወስዳል፣ ሦስተኛው ከላይ ያኖረዋል።

ትልቁ ጥቅም የሚታየው በአማርኛ አጻጻፍ ዝንቅነት ላይ ነው። የአንድ ሕዝብ ስም በአንድ ሰነድ ውስጥ «ሐመር»፣ «ሀመር» እና «ሃመር» ተብሎ ይጻፋል፤ ፈላጊ ሰው አንዱን ሲጽፍ ሌሎቹ ያመልጡታል። በቪም የመተኪያ ትእዛዝ የሚፈለገው «[ሀሃ]መር»፣ የሚተካው «ሐመር» ተብሎ ቢሰጥ ሰነዱ በአንድ ጊዜ ይስተካከላል። በእያንዳንዱ ቦታ ፈቃድ እንዲጠይቅ ማድረግም ይቻላል፤ በረጅም ሰነድ ላይ ይህን መዝለል አይገባም።

ፊደሉ ራሱ ለዘዴው ይመቻል። «ጂ» በዩኒኮድ አንድ ምልክት በመሆኑ ኤክስ የተባለው የመሰረዣ ቁልፍ አናባቢውንም ተነባቢውንም አንድ ላይ ያነሣል። በሌላ በኩል ወደሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር የሚዘልለው ትእዛዝ የላቲኑን ነጥብ፣ የጥያቄና የቃለ አጋኖ ምልክቶችን እንጂ አራት ነጥብን አያውቅም፤ ለአማርኛ ጽሑፍ በባዶ መስመር የሚለየውን አንቀጽ መከተል ይሻላል።

ሁነታን የሚቃወሙም ነበሩ። በዜሮክስ የምርምር ማዕከል መቅዳትና መለጠፍን ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ላሪ ቴስለር፣ ሰው ያለበትን ሁነታ እየረሳ ይሳሳታል በማለት ዕድሜውን ሙሉ ሁነታ የሌላቸው ፕሮግራሞች እንዲስፋፉ ተከራክሯል። ክርክሩ በአማርኛ ጸሐፊ ላይ ይበረታል፤ ምክንያቱም እሱ ሁለት ሁነታዎችን በአንድ ጊዜ መከታተል አለበት። አንዱ የማረሚያው፣ ሌላው የቁልፍ ሰሌዳው ነው። ሰሌዳው በአማርኛ እንደተተወ ኢስኬፕ ተጭኖ ዲ ቢባል ማረሚያው የሚደርሰው «ድ» ነው፤ ይህም ለእሱ ትእዛዝ አይደለም።

መፍትሔው የኮምፒውተሩን ሰሌዳ በላቲን ትቶ ፊደሉን ለቪም ማስተማር ነው። ቪም የቁልፍ ካርታ የሚባል የራሱ ፋይል ይቀበላል፤ ካርታው የሚሠራው ሲጻፍና ሲፈለግ ብቻ በመሆኑ በትእዛዝ ሁነታ ዲ ምንጊዜም ዲ ነው። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በግራ የሚጫኑት ቁልፎች፣ በቀኝ የሚወጣው ፊደል ይጻፋል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት፣ ፊደልን በላቲን ሆሄ የሚወክለው ሴራ የተባለ ሥርዓት ለግራው ዓምድ ጥሩ መነሻ ይሆናል። በዚሁ ካርታ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ዩኒኮድ የገቡትን፣ ለባስኬቶና ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ ቋንቋዎች የተጨመሩ ፊደላትም ማስገባት ይቻላል። ካርታው ከተጫነ በኋላ በመጻፊያ ሁነታ ከአማርኛ ወደ ላቲን የሚያሸጋግረው ኮንትሮልን ከስድስት ቁጥር ጋር መጫን ነው።