ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ፡- ከፍኖተ ሰላም እስከ ናይሮቢ

በዕፅዋት ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ስማቸው ከአገር አልፎ ከሚጠራ ኢትዮጵያውያን አንዷ ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ ናቸው፡፡ የተወለዱት በ1957 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ከገበሬ ቤተሰብ ነው፡፡ በልጅነታቸው የአንበጣ መንጋ ሰብል ሲያወድም ማየታቸው ወደ ግብርና ሳይንስ እንደሳባቸው ተናግረዋል፡፡

በ1979 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ካገኙ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሞንታና፣ ዶክትሬታቸውን ደግሞ በ1989 በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሞለኪዩላር ባዮሎጂና በዕፅዋት በሽታ ጥናት አጠናቀቁ፡፡ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ምርምራቸውን ቀጥለው፣ በ1992 ኮሎምቢያ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ የሞቃታማ አካባቢዎች ግብርና ማዕከል (ሲያት) ገቡ፡፡ እዚያም 15 ዓመት ሠሩ፡፡

ከሚታወቁበት ሥራ አንዱ ብራኪያሪያ በሚባለው የመኖ ሣር ላይ ያደረጉት ምርምር ነው፡፡ በሣሩ አካል ውስጥ ሳይጎዳው የሚኖር ፈንገስ አለ፡፡ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2001 ባወጡት ጥናት ይህን ፈንገስ ለይተው፣ በሽታ አምጪ ፈንገሶችን እንደሚገታ አሳዩ፡፡ ሣሩ ያለመድኃኒት ርጭት ራሱን የሚከላከልበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው፡፡

ብራኪያሪያ ትውልዱ አፍሪካ ነው፡፡ በሰፊው የተዘራው፣ የተሻሻለውና ብዙ ከብት ያደለበው ግን በደቡብ አሜሪካ ነው፡፡ ዶ/ር ሰገነት በ2007 ወደ አፍሪካ ተመልሰው ናይሮቢ የሚገኘውን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ባዮሳይንስ ማዕከል (ቤካ) እስከ 2012 መሩ፡፡ ማዕከሉም የተሻሻለውን ብራኪያሪያ ለኬንያና ለሩዋንዳ አርቢዎች ለማዳረስ ተነሳ፡፡ ከ2013 እስከ 2023 ደግሞ የዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል (ኢሲፔ) ዋና ዳይሬክተር ነበሩ፤ ማዕከሉን የመሩ የመጀመሪያዋ ሴትም ናቸው፡፡ በ2006 የቻይናን የወዳጅነት ሽልማት፣ በ2014 የሎሪያል-ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተቀብለዋል፡፡

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚተርፍ ጥያቄ አለ፡፡ በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የኢትዮጵያ የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም መጋራት ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል፡፡ ሕግ ዘር ሊጠብቅ ይችላል፡፡ የዘሩን ምስጢር ፈትቶ ወደ ጥቅም የሚለውጠው ግን ባለሙያ ነው፤ ባለሙያ ደግሞ ቤተ ሙከራ፣ በጀትና ነፃነት ባለበት ይሰበሰባል፡፡ የፍኖተ ሰላሟ ልጅ ወደ አፍሪካ ሲመለሱ ያረፉት ናይሮቢ ነው፡፡ ለምን አዲስ አበባ አልሆነም? «ምሁራን አገራችሁ ግቡ» እያሉ መጥራት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም፡፡ ጥሪው ቤተ ሙከራ ይፈልጋል፡፡