የጡንቻ ሕዋስ ፓምፕ እና የአካል እንቅስቃሴ፦ ታሪካዊ ቅኝት

ዴንማርካዊው ሐኪም የንስ ክርስቲያን ስኩ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት የሸርጣን ነርቭ ምርምር ለሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ መታወቅ መሠረት ጣሉ፤ በ1997ም የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ፓምፑ ሦስት ሶዲየም አስወጥቶ ሁለት ፖታሲየም ወደ ሕዋስ ያስገባል።

የሚሠራ ጡንቻ ፖታሲየም ስለሚያጣ፣ የፓምፑ አቅም ድካምን ለመቋቋም ወሳኝ ነው። የፓምፖቹ ብዛት ግን ቋሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጤናማ ወንዶች ለስድስት ቀናት፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የብስክሌት ልምምድ ሲያደርጉ የጭን ጡንቻቸው ፓምፖች በ14 በመቶ ገደማ ጨመሩ። በአንጻሩ እንቅስቃሴ የተነፈገ ጡንቻ ፓምፖቹ ይቀንሳሉ። ስለሆነም የአልጋ ቁራኛ የሆነን ሕመምተኛ፣ ሁኔታው በፈቀደ መጠን፣ ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ ራሱ ሕክምና ነው።