የግብፅ ውዝዋዜና ለየስልቱ የሚስማማው ሙዚቃ

ፈረንጆች «የሆድ ውዝዋዜ» ብለው የሰየሙትን የግብፅ ጨዋታ ብዙ ሰው አንድ ዐይነት አድርጎ ይገምተዋል፤ የዐረብ ዜማ ሁሉ ይስማማዋል ብሎም ያስባል። ነገር ግን ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለሚመረምር ሰው ስልቱ ልዩ ልዩ ነው፤ ሙዚቃውንም የሚወስነው የተወዛዋዧ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ጨዋታው የተወለደበት ስፍራና የተመልካቹ ማዕርግ ነው።

እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን በ1836 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሁለት ወገኖችን ለይቶ ጽፏል። «ዓዋሊም»፣ ማለት የተማሩ ሴቶች፣ በባለጸጎች ቤት የሚያዜሙ ሲሆኑ፣ «ገዋዚ» ግን ፊታቸውን ሳይሸፍኑ በአደባባይ የሚወዛወዙ ነበሩ። በ1834 ዓ.ም. መሐመድ ዓሊ ፓሻ የአደባባዮቹን ከካይሮ አስወጥቶ ወደ ቄና፣ ወደ እስናና ወደ አስዋን ሰደዳቸው። በ1850 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ደራሲ ጉስታቭ ፍሎበር በእስና ኩቹክ ሃነም የምትባለውን ተወዛዋዥ በረባባ ታጅባ ስትጫወት አይቷታል። ረባባ በመገዝገዣ የሚመታ፣ የእኛን መሰንቆ የሚመስል መሣሪያ ነው።

የላይኛው ግብፅ ስልት «ሰዒዲ» ይባላል። ድምፁ ኀይለኛ የሆነው ሚዝማር የሚባለው መለከት፣ ረባባና ትልቁ ከበሮ ያጅቡታል። ምቱ በከተማ ከተለመደው «መቅሱም» የሚለየው በመካከሉ ነው፤ ሁለት ወፍራም ምቶች ተከታትለው ይወድቃሉ። ወንዶች በዱላ የሚጋጠሙበት «ተሕቲብ» በዚህ ምት ይካሄዳል፤ ሴቶችም ዱላውን ለጨዋታ ወስደውታል። ስለዚህ በዱላ የሚደረገውን ውዝዋዜ በለስላሳ የቫዮሊን ዜማ ማጀብ መሠረቱን መንሣት ነው።

«በለዲ» ደግሞ ከገጠር ወደ ካይሮ የፈለሰው ሕዝብ ስልት ነው። አኮርዲዮን ከአውሮፓ ቢመጣም ለዐረብ ዜማ እንዲስማማ ቃኝቱ ተለውጧል። በመጀመሪያ ያለ ምት ብቻውን በዝግታ ያዜማል፤ ቀጥሎ ከበሮው ይገባና ሁለቱ እንደ ጠያቂና መላሽ ይቀባበላሉ፤ በመጨረሻም ይፈጥናሉ። ተወዛዋዧ ከቆመችበት እምብዛም ሳትርቅ ዜማውን በወገቧ ትከተላለች።

ባዲዓ መሳብኒ በ1926 ዓ.ም. በካይሮ አዳራሽ ከከፈተች በኋላ ታሒያ ካሪዮካና ሳሚያ ጋማል የታወቁበት የመድረክ ስልት፣ ማለት «ሸርቂ»፣ እየዳበረ ሄደ። መድረኩ ሰፊ በመሆኑ ተወዛዋዧ መመላለስ ነበረባት፤ ስለዚህ ቫዮሊን፣ ቃኑንና ዋሽንት የተባበሩበት፣ ምቱ በየጊዜው የሚለዋወጥ የመግቢያ ሙዚቃ ያስፈልጋት ጀመር። በ1964 ዓ.ም. መሐመድ ዐብደል ወሃብ ለኡም ኩልሱም የደረሰው «እንተ ዑምሪ» ረዥም መቅድሙ ለዚህ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል። ዘፈን ሲመረጥ ግን ቃሉን ማወቅ ግድ ነው፤ ትርጕሙን ያላወቀች ሴት በሙሾ ላይ ትስቃለች።

ማሕሙድ ሬዳ በ1959 ዓ.ም. ያቋቋመው ቡድን የገጠሩን ጨዋታ በኦርኬስትራ አሳጅቦ ወደ ቴአትር አመጣ። ይህም በራሱ የተከበረ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ተመራማሪው የመንደሩን ሙዚቃ ከዚህ ጋር ሊያደባልቀው አይገባም።

እንግዲህ ሙዚቃን ለስልቱ መምረጥ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተሰደዱት ገዋዚዎችና የካይሮ ድኾች የጻፉት ታሪክ ጥቂት ነው፤ ምታቸውና መሣሪያቸው ግን ምስክር ሆነው ቀርተዋል። ሁሉን በአንድ ዜማ ማጀብ ይህን ምስክር ዝም ማሰኘት ነው።