ያልተመዘገበ ታንከር

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የደበቀውስ ቢያንስ መታመሙን ያውቃል። መታመሙን ሳያውቅ የሚኖረውን ምን እንበለው? ዛሬ የማወጋችሁ እንዲህ ስላለው በሽታ ነው፤ በየማደያው ግቢ ከመሬት በታች ስለተቀበረው የነዳጅ ታንከር።

ነገሬን ከሐይቅ ልጀምር። ከደሴ ወደ ወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዙ ከተማዋና ስሟን ያገኘችበት ውሃ ይገኛሉ። ይህ ውሃ አንድ እንቆቅልሽ አለው። ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ ግን በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለም። እንዲህ ያለ ሐይቅ እንደ ሻላና እንደ አብያታ ጨውና ሶዳ ማከማቸት ነበረበት። የሐይቅ ውሃ ግን እንደዚያ አልሆነም። የዘርፉ ሰዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ውሃው ውስጥ ለውስጥ እየሰረገ ይወጣል የሚል ነው። ልብ በሉ፤ እኛ ወለል አድርገን የምናያት መሬት ለካ ወንፊት ናት። ላይ የፈሰሰው ታች ይደርሳል፤ ታች የደረሰውም ሌላ ቦታ ብቅ ይላል።

በዚያው ውሃ ውስጥ፣ ድሮ ደሴት በነበረችው ዛሬ ግን ከየብስ በተያያዘችው መሬት ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ትልቅ የትምህርት ማዕከል ያደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት፣ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚያ መጽሐፍ ሰዎች ሥዕሉን ያደንቃሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን በዚያው ብራና ላይ የሰፈረው የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። ምን እንዳላቸው ቆጥረው ጽፈውታል! ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ። ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን አውራ ጎዳና ፋሺስት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ለጦሩ ብሎ ሠራው። ጣሊያን ሄደ፤ መንገዱ ቀረ። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ተከፈተ፤ ከአሰብ የሚነሳው ቦቴም በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይወጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ወደቡ ቢቀያየርም ነዳጁ ማረፊያው ያው ነው፤ መሬት ውስጥ። ታንከር የሚቀበረው እሳት ስለሚፈራ ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን የተቀበረ ብረት ይዝጋል። እርጥብ አፈርና አሥር ሃያ ዓመት ይበቃዋል። በቀን ጥቂት ሊትር ቢያንጠባጥብ ማን ያያል? ባለቤቱም «ተንኖ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አሜሪካኖች ይህን ጉድ ዘግይተው ነው የነቁበት። የጉድጓድ ውሃቸው ቤንዚን ቤንዚን ሲሸት ሕዝቡ ጮኸ፤ ኮንግረሱም እ.ኤ.አ. በ1984 ሕግ አወጣ። ሕጉ ቁፋሮ ከማዘዙ በፊት ምዝገባ አዘዘ። ባለንብረት ሁሉ የቀበረውን ታንከር፣ ከ1974 ወዲህ ሥራ ያቆመውን ሳይቀር፣ ለመንግሥት እንዲያሳውቅ ተገደደ። ከዚያ ወዲህ በምርመራ የተረጋገጠው ፍሳሽ ከ5 መቶ ሺህ በላይ ነው። የሳንታ ሞኒካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 ከቤንዚን ጋር በሚቀላቀል ኬሚካል ምክንያት ጉድጓዶቿን ስትዘጋ የመጠጥ ውሃዋን ግማሽ ያህል አጣች። አጣርታ መልሳ ለመጠጣት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀባት።

እስቲ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ቤንዚን ውስጥ ቤንዝን የሚባል ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር አለ። ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን በአንድ ሊትር ውስጥ 8 ግራም ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ 10 ማይክሮግራም፣ ማለትም ከሚሊዮን የግራም ክፍል አሥሩ ነው። አካፍሉት። አንድ ሊትር ቤንዚን 800 ሺህ ሊትር ውሃ እዚያ ጣሪያ ላይ ያደርሳል።

ምርመራው ጥንቆላ አይደለም። ሲጀመር ሂሳብ ነው፤ ከቦቴ የተራገፈው፣ በፓምፕ የተሸጠውና በመለኪያ ዘንግ ታንከሩ ውስጥ የተገኘው ይመሳከራል። ጉድለቱ ከወር ወር ከቀጠለ ታንከሩ ይፈተሻል። ከዚያ በግቢው ዙሪያ ጠባብ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ አፈሩ በየሜትሩ ተወስዶ ላቦራቶሪ ይገባል። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ጉድጓዱ ውስጥ ተንሳፎ ይገኛል። ቢያንስ በሦስት ጉድጓዶች የውሃው ከፍታ ሲለካ ደግሞ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ፣ የማንን ምንጭ ቀድሞ እንደሚደርስ ይታወቃል።

እኛስ? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ደንግጓል። የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው ማንም ሰው አቤት እንዲልም ፈቅዷል። ሊቃውንቱም ዝም አላሉም፤ ፕሮፌሰር ታምሩ ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው የአዲስ አበባን የከርሰ ምድር ውሃ ሲያጠኑ ማደያና ጋራዥን ከብክለት ምንጮች ቆጥረዋቸዋል።

ግን ማን፣ በየትኛው ታንከር ላይ አቤት ይበል? ማደያ ይሸጣል፣ ታፔላው ይቀየራል፣ ቦታው ላይ ፎቅ ይሠራበታል። ታንከሩ ወጣ ወይስ አፈር ለበሰ? ይህን ከተማው ማዘጋጃ ቤት ጠይቆ መዝገብ የተገለጠለት አንባቢ ካለ ይጻፍልኝ፤ ደስታውን አልችለውም።

የሐይቅ መነኮሳት መጻሕፍታቸውን ለመቁጠር ብራና ፍቀዋል። ከእኛ የሚጠበቀው ተራ ደብተር ነው፤ ታንከሩ ያለበት ቦታ፣ የተቀበረበት ዓመት፣ መጨረሻ የተፈተሸበት ቀን። ሦስት መስመር። ይህ ከተጻፈ መሐንዲሱ የት እንደሚቆፍር ያውቃል። ካልተጻፈ ግን የመጀመሪያዋ መርማሪ ጀሪካኗን ይዛ ምንጭ የወረደች እናት ትሆናለች፤ መሣሪያዋም አፍንጫዋ።