የነከሰ የቱርቦ ቤት ማላቀቅና ማዞር

ቱርቦ ከሞተር በሚወጣ ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ አየር ወደ ሲሊንደር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። አካሉ ሦስት ነው፤ በአንድ ጫፍ ጭስ የሚያልፍበት ቀንድ አውጣ የመሰለ የብረት ቤት፣ በሌላው ጫፍ አየር የሚታመቅበት የአሉሚኒየም ቤት፣ በመካከላቸው ደግሞ ዘንጉንና ኩሽኔታውን የያዘው የመሀል ቤት። በብዙ ቱርቦዎች ላይ ሁለቱ የዳር ቤቶች በመሀል ቤቱ ዙሪያ ዞረው በተፈለገው አቅጣጫ ሊታሰሩ ይችላሉ። ዓመታት የሠራ ቱርቦ ግን በቀላሉ አይዞርም፤ ነክሷል ይባላል።

ማዞር የሚያስፈልገው በአብዛኛው ቱርቦው ከተሠራለት ሞተር ወጥቶ በሌላ ሲገጠም ነው። በ5.9 ሊትሩ የከሚንስ ናፍጣ ሞተር ላይ የሚመጣው ሆልሴት የተባለ ቱርቦ ወደ ሌላ መኪና ሲዛወር፣ የአየር መውጫው ሊመለከት የሚገባውን አቅጣጫ ሳይመለከት ይቀራል። ከአየር መውጫው ይልቅ የሚያሳስበው ግን ዘይቱ ነው። ዘይት ወደ መሀል ቤቱ የሚገባው በፓምፕ ግፊት ሲሆን የሚወጣው በክብደቱ ወርዶ ብቻ ነው። የዘይት መውጫው ከቀጥታ ቁልቁል ከ35 ዲግሪ ገደማ በላይ ካዘነበለ ዘይቱ ይጠራቀማል። በዘንጉ ጫፍ ያለው ማኅተም የፒስተን ፋሻ የመሰለ ቀጭን የብረት ቀለበት ስለሆነ የተጠራቀመ ዘይት አይችልም፤ አሳልፎ ሰማያዊ ጭስ ያስወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚወሰነው የመሀል ቤቱ አቀማመጥ ነው፤ የዳር ቤቶቹ የሚዞሩት እሱን ተከትለው ነው።

የጭስ ቤቱን የሚያስነክሰው ሙቀት ነው። የናፍጣ ሞተር ጭስ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደርሳል፤ የቤንዚን ሞተር ከ900 ያልፋል። ብረቱ በየቀኑ ግሎ ሲቀዘቅዝ መጋጠሚያው ላይ ዝገትና ጥቀርሻ ይጋገራል፤ ዝገት ደግሞ ከወጣበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ክፍተቱን ሞልቶ ይወጥረዋል።

ሥራው የሚጀመረው የድሮውን አቀማመጥ በቀለም ምልክት በማድረግ ነው። ዝገት የሚበላ ዘይት ብሎኖቹና መጋጠሚያው ላይ ተረጭቶ ቢቻል ያድራል። ብሎኖቹ ሲላሉ ሙሉ በሙሉ አይወጡም፤ ጥቂት ዙር ብቻ ፈትቶ መተው ትልቅ ጥቅም አለው። ቤቱ በድንገት ሲለቅ ብሎኖቹ ይይዙታል፣ በዘንጉ ጫፍ ያለው መዘውር ክንፎችም ይተርፋሉ። በክንፎቹና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት የሚሊ ሜትር ክፋይ ነው፤ ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ስለሚሽከረከር አንድ ክንፍ እንኳ ቢጎብጥ ሚዛኑ ይጠፋል። ጉልበት ሁሉ በዘንጉ መስመር ቀጥ ብሎ ይሁን፤ ወደ ጎን ፈልቅቆ ማውጣት ቱርቦ ገዳይ ነው።

ካልለቀቀ በናስ ወይም በሌላ ለስላሳ መዶሻ ዙሪያውን እያፈራረቁ መምታት ይገባል። እንዲህ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ተሰባሪ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ መደብደብ ይሰነጥቀዋል። አሁንም እምቢ ካለ የረጨነውን ዘይት በደንብ ጠርጎ፣ የውጪውን ቤት ብቻ በጋዝ ነበልባል ዙሪያውን እኩል ማሞቅ ነው። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብረት በ200 ዲግሪ ሲሞቅ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ መሀል ቤቱ ሙቀቱ ሳይደርሰው ያ ክፍተት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ግን በፍጹም በእሳት አይነካ፤ ፎስጂን የተባለ መርዛም ጋዝ ይፈጠራል።

የአየር ቤቱ እሳት አይፈልግም። አሉሚኒየም ከጭስ ቤቱ ብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ የፈላ ውሃ ወይም የሙቅ አየር መሣሪያ ይበቃዋል። እዚህ የሚነክሰው የአሉሚኒየም ነጭ ዝገትና የደረቀ ጎሚኒ ነው፤ ጎሚኒው በአዲስ ይተካ።

አንዳንድ ቱርቦ ቤቱን በአንድ ቦታ የሚቆልፍ ትንሽ ፒን አለው። ፒኑን ሳያዩ መደብደብ ከንቱ ድካም ስለሆነ አስቀድሞ መፈለግ ይገባል። የሚንቀሳቀሱ ክንፎች ያሉትን ዘመናዊ ቱርቦ ደግሞ ያለ መለኪያ መሣሪያ ባይነኩ ይሻላል።

ሲገጠም መጋጠሚያው ከዝገት ይጸዳል፤ ፍርፋሪው ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ መሀል ቤቱ ተሸፍኖ ይያዝ። ብሎኖቹ ኒኬል ያለበት ሙቀት የሚችል ቅባት ይቀባሉ። የግፊት መቆጣጠሪያው ዘንግ በብዙ ቱርቦ ላይ አንዱ ጫፉ ከአየር ቤቱ፣ ሌላው ከጭስ ቤቱ ጋር ስለሚያያዝ አንዱ ቤት ሲዞር ርዝመቱና ማዕዘኑ እንደገና ይስተካከላል። ከዚያ መዘውሩ በጣት ይሽከረከራል፤ ከየትም ሳይነካ ሊዞር ይገባል። በመጨረሻ ንጹሕ ዘይት በላይኛው ቀዳዳ ተሞልቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ በሞተሪኖ ብቻ እየዞረ ዘይቱ ቱርቦው ጋር መድረሱ ይረጋገጣል።