ሐቀኛ የሚባለው ከሃዲ፦ ፍራንክ ፊንሌይ በመድረክና በሲኒማ

ክፉን ሰው በመድረክ ላይ ማሳየት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የተዋናይን ችሎታ ክፉኛ የሚፈትን ተግባር ነው። ገና ሲገባ ፊቱን አጨፍግጎ የሚያጉረመርም ከሃዲ ተመልካቹን ለጊዜው ያስፈራው ይሆናል እንጂ አያስተምረውም፤ በኑሮ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው የሚያምን የለምና። ይህን በሥራቸው ካስመሰከሩት ተዋንያን አንዱ እንግሊዛዊው ፍራንክ ፊንሌይ ነበር።

ፊንሌይ እ.ኤ.አ. በ1926 በላንክሻየር፣ ፋርንዎርዝ በምትባል ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ የሥጋ ቆራጭነት ሙያ ቢለምድም፣ ኋላ ለንደን በሚገኘው ንጉሣዊ የድራማ አካዳሚ ተምሮ በአርኖልድ ዌስከር ተውኔቶች ታወቀ። በ1964 በብሔራዊው ቴአትር ሎሬንስ ኦሊቪየር ኦቴሎን፣ እሱ ኢያጎን ሆነው ተጫወቱ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቱን ወደ አማርኛ መልሶታልና ኢያጎ ለእኛም ተመልካች እንግዳ አይደለም፤ ሁሉም ሐቀኛ የሚለው፣ በወዳጅነት ቀርቦ የሚያጠፋ ሰው ነው። የፊንሌይ ኢያጎ በመድረኩ ላይ በኦሊቪየር ግርማ ተሸፈነ ያሉ ሐያስያን ነበሩ። ተውኔቱ በ1965 በፊልም ሲቀርብ ግን ካሜራው ፊቱን አቅርቦ አሳየ፤ ያ የተቆጠበ አጨዋወትም ድክመት ሳይሆን ብስለት መሆኑ ታወቀ። ለኦስካር ሽልማትም አሳጨው።

በ1973 ፊንሌይ «ሻፍት በአፍሪካ» በተሰኘው ፊልም አማፊን ሆኖ ተጫወተ። ፊልሙ በከፊል በአገራችን የተቀረጸ ሲሆን፣ የእኛው ደበበ እሸቱም ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ተሳትፎበታል። አማፊ የአፍሪካን ወጣቶች ወደ አውሮፓ እያሻገረ ጉልበታቸውን የሚቸበችብ ዘመናዊ ባሪያ ፈንጋይ ነው። ፊልሙ የተሠራው ለመዝናኛ ቢሆንም፣ የተነሣበት ጉዳይ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ፣ በሰመራም በኩል ወደ ጅቡቲ የሚያመራው ጎዳና ዛሬ ባሕር ተሻግረው የመንን፣ ከዚያም ሳዑዲ ዐረቢያን ለመድረስ የሚሹ ወጣቶች የሚያልፉበት መንገድ ነው። ከእነርሱ መካከል በአፋር ሐሩርና በውኃ ጥም፣ ወይም በባሕር ላይ የሚቀሩ አሉ። ወደዚህ ጉዞ የሚመራቸው ደላላ ብዙ ጊዜ የሚያስፈራ ባዕድ ሳይሆን የሠፈር ልጅ፣ የዘመድ ወዳጅ፣ አንዳንዴም ራሱ ዘመድ ነው። ማለት ኢያጎ ነው።

በ2002 በወጣው «ፒያኒስቱ» ፊልም ደግሞ ፊንሌይ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሞት የሚነዳ አባት ሆነ። ባቡር በሚጠብቁበት ሥፍራ በመጨረሻ ሳንቲማቸው የተገዛችውን አንዲት ከረሜላ ቆራርሶ ሲያድላቸው ድምፁን ከፍ አያደርግም። በ2016 ያረፈው ይህ ተዋናይ የሚያታልለውንም የሚጠፋውንም ሰው ያሳየን በዚሁ ቁጥብነት ነው።

ስለ ስደት ተውኔት የሚያዘጋጁ የአዋሽና የሰመራ መምህራንና ከያንያን ከዚህ አንድ ነገር ይውሰዱ፤ በአማርኛም ሆነ በአፋርኛ ሲጫወቱ ደላላውን ፈገግ ብሎ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ የእናትን ጤና ጠይቆ ይግባ። ወጣቱ በማግሥቱ በመንገድ ሲያገኘው የሚለየው ያን ጊዜ ነው።